እቴጌ እሌኒና የመርጡለ ማርያም የድንጋይ ሕንፃ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ በምትገኘው መርጡለ ማርያም፣ ዛሬ አገልግሎት ከሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የጥንታዊ ሕንፃ ፍራሽ ይታያል። የተጠረቡት ድንጋዮች፣ ቅስቶቹና የአበባ ቅርጽ ያላቸው ጌጦች ከተለመዱት ክብ የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የተለዩ ናቸው፤ የጥንቱን የሮም ጥበብ መልሶ ያነሣውን የአውሮፓ የሕዳሴ ዘመን አሠራር ያስታውሳሉ። የአገሬው ትውፊት የደብሩን ምሥረታ ወደ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። የድንጋዩ ሕንፃ መነሻ ግን ከእቴጌ እሌኒ ስም ጋር የተያያዘ ነው።

እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ። በእስልምና አድገው፣ በኋላ ተጠምቀው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጋር ተጋቡ፤ የቀኝ ንግሥትነት ማዕረግም ተሰጣቸው። ተተኪው ዐፄ በእደ ማርያም ወላጅ እናታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ፣ እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። ከዚያ በኋላ ነገሥታት ሲፈራረቁ እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥት ምክር አልራቁም።

እ.ኤ.አ. በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው ሲነግሡ፣ የመንግሥቱን ሥራ በዋናነት የመሩት እሌኒ ነበሩ። ከአዳል ጋር ያለው ግጭት እየበረታ ነበር፤ በባሕሩ በኩል ደግሞ ፖርቱጋሎች ብቅ ብለዋል። እቴጌይቱ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩት። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ስለሌላት መርከቡን ፖርቱጋል፣ ስንቁንና የምድር ጦሩን ኢትዮጵያ እንዲያቀርቡ ነው። መልእክተኛው ሰላይ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ብዙ ተንገላታ። ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ሲሆን፣ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የተመለሰው በ1520 ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሞተ። ልብነ ድንግል በዚያን ጊዜ አዳሎችን ድል አድርገው ስለነበር ለውጭ ርዳታ እምብዛም አልቸኮሉም።

እሌኒ በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራቸው። መልእክተኞቹን ተከትሎ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እቴጌይቱ በጎጃም ስላሠሩትና ስለተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። የመንበሩን አሠራር እንዲያሳይ የተላከው፣ ቀደም ብሎ ወደ አገሩ መጥቶ እንዳይመለስ የተከለከለው ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነበር። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተሞላ፤ ታቦቱም ወርቅ ነበር። ያ ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

እሌኒ ያረፉት መልእክተኞቹ ገና በአገር ውስጥ ሳሉ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ጦርነት ተነሣ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተቃጠለ። እቴጌይቱ የጠየቁት የፖርቱጋል ጦር ምጽዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1541 ነበር፤ ልብነ ድንግል ከሞቱ ጥቂት ወራት አልፎ።

በ1620ዎቹ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ፍራሹን መልሰው ገነቡት። ስለዚህ ዛሬ የቆመው ግንብ የሁለት ዘመን እጅ ያረፈበት ነው፤ የትኛው ጌጥ የእሌኒ ጠራቢዎች፣ የትኛው የኋለኞቹ ሥራ እንደሆነ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። አንድ ድንጋይ ከተጠረበበት ግድግዳ ከተነሣ ደግሞ ይህን ለመለየት የሚረዳው ምልክት አብሮ ይጠፋል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከቦታው ለማንሣት የቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።