ማርቲን ፍላድ በቆራጣና በጋፋት መካከል፦ የአንድ ሚስዮናዊ ቤተሰብ የመሄድና የመመለስ ታሪክ

መግቢያ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያመራው መንገድ የፎገራን ሜዳ ከኋላው እየተወ ወደ ደጋው ይወጣል። ከሜዳው በስተደቡብ፣ በጣና ሐይቅ ዳር፣ በወለተ ጴጥሮስ ገዳምነቷና በንግዷ የታወቀችው ቆራጣ ትገኛለች። ከደብረ ታቦር አለፍ ብሎ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓውያን እደ ጥበበኞችን መንደርና የመድፍ መሥሪያቸውን ያቆሙበት ጋፋት አለ። እ.ኤ.አ. በ1866 እና በ1867 የጀርመናዊው ሚስዮናዊ የዮሐን ማርቲን ፍላድና የቤተሰቡ ዕጣ ይበልጡን የተወሰነው በዚህ አካባቢ ነበር። ፍላድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከመቅደላው ዘመቻ ጋር ተያይዞ፣ ደብዳቤ አድራሽ ሆኖ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ሕይወቱን ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል፦ ወደ አውሮፓ በሰላም የደረሰ ሰው ወደ እስር አገር ለምን ተመለሰ? መመለሱስ ምን ዋጋ ነበረው? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኡንዲንገን እስከ ጀንዳ

ፍላድ በ1831 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት፣ ኡንዲንገን በተባለች መንደር ተወለደ። የሚስዮን ትምህርቱን የተከታተለው በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅድስት ክሪሾና ተቋም ነበር። ተቋሙ ወጣቶችን ከወንጌል ትምህርት ጋር የእጅ ሙያ ይዘው እንዲሰማሩ ያዘጋጅ ነበር። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የኖረውና በኋላ የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት፣ ሰባክያን የማይፈቀዱበት አገር ባለሙያዎችን ሊቀበል ይችላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ፍላድ በ1855 ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋር ኢትዮጵያ የገባው ይህንኑ ለማጣራት ነው። ጊዜው አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም በነገሡበት ዓመት ነበር።

የመጀመሪያው መመለስ በ1856 ሆነ፤ ፍላድ ከክሪሾና ጓደኞቹ ጋር መጻሕፍት ይዞ መጣ። ሁለተኛው በ1859 ነው። በዚህ ጊዜ ብቻውን አልነበረም። በኢየሩሳሌም ታገለግል የነበረችውን ዲያቆናዊት ፓውሊነ ኬለርን አግብቶ፣ ቴዎፊሎስ ቫልድማየርንና ካርል ሳልሙለርን አስከትሎ ነበር። ከዚህ በኋላ የፍላድ ጉዞ የአንድ ሰው ጉዞ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

ቫልድማየርና ሳልሙለር ለንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያ በመሥራት ጋፋት ሲቀመጡ፣ ፍላድ ግን በቤተ እስራኤል መካከል ለሚሠራው የለንደን ማኅበር ተቀጥሮ ደምቢያ ውስጥ በምትገኘው ጀንዳ ተቀመጠ። ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ ሚስዮናውያኑ የሚያስተምሩት ቤተ እስራኤልን ብቻ ሆኖ፣ ያመኑት የሚጠመቁት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ የሥራው ህልውና በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር።

የቆራጣው ጊዜና የ1866 መልእክት

ያ መልካም ፈቃድ በ1863 ተናጋ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች በተቀሰቀሰው ቁጣ ሚስዮናዊው ሄንሪ አሮን ስተርን ተገርፎ ታሰረ። ፍላድም ከተያዙት መካከል ነበር። በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። የእንግሊዝ መንግሥት ልዑክ ሆርሙዝ ራሳም ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በጥር 1866 ነው። በመጋቢት ከመቅደላ የተፈቱት እስረኞች ቆራጣ መጥተው ከራሳም ጋር ተገናኙ። ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ ያለቀ መሰለ።

በሚያዝያ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ሰፍረው ሳሉ ልዑኩና እስረኞቹ እንደገና ተያዙ። ንጉሡ ከእንግሊዝ የፈለጉት ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያዎችን ነበር። ጥያቄውን እንዲያደርስ የተመረጠው ፍላድ ነው። ሚስቱና ልጆቹ አብረውት አልሄዱም፤ እሱ ወደ አውሮፓ ሲወርድ እነሱ በንጉሡ እጅ ቀሩ። በአገራችን የውል ልማድ መያዣ የሌለው ቃል ቃል አይባልም። ንጉሡም የፍላድን መመለስ ያረጋገጡት በቤተሰቡ ነበር።

ፍላድ በሐምሌ ለንደን ገባ፤ በነሐሴም ንግሥቲቱ ተቀብለው አነጋገሩት። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን ለመላክ ወሰነ። ይሁን እንጂ እስረኞቹ ዳግም መያዛቸው ስለታወቀ፣ ባለሙያዎቹ ምፅዋ ላይ እንዲቆዩና እስረኞቹ ሲለቀቁ ብቻ እንዲገቡ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሁለቱ መንግሥታት የተነጋገሩት በአንድ ዓይነት ስሌት ነው፤ ንጉሡ ሰዎችን መያዣ ሲያደርጉ፣ ለንደን ደግሞ ባለሙያዎችን መያዣ አደረገች። መልእክተኛው የቆመው በሁለቱ መያዣዎች መካከል ነበር።

ጋፋት ላይ የነበረው ዓመት

የፍላድ ጉዞ ከሞላ ጎደል አንድ ዓመት ፈጀ። በዚሁ ዓመት ፓውሊነና ልጆቿ ያዩት ከለንደኑ ታሪክ የተለየ ነው። በ1866 ክረምት መግቢያ ኮሌራ የንጉሡን ሰፈር አጠቃው፤ ሠራዊቱም ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ራሳም፣ ካሜሮን፣ ስተርንና ሌሎቹ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ፓውሊነ ከባሏ የቀድሞ ጓደኞች ጋር ጋፋት ቀረች። በታኅሣሥ ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። የንጉሡ ግዛት እየጠበበ ሲሄድ በጌምድር የቅጣትና የዘረፋ አገር ሆነ። በ1867 ጸደይ የጋፋት እደ ጥበበኞችም አመኔታ አጥተው በጥበቃ ሥር ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ።

ፍላድ ምፅዋ የደረሰው በ1866 መጸው ነበር። ይዞት የመጣው መልስ ንጉሡ የሚጠብቁት አልነበረም፤ የተጠየቁት ባለሙያዎች አብረውት አይገቡም፣ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይህን እያወቀ በሚያዝያ 1867 ደብረ ታቦር ገብቶ ንጉሡ ፊት ቀረበ። እስረኞቹ ካልተለቀቁ ጦርነት ሊከተል እንደሚችልም አሳወቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱም ከቤተሰቡ ጋር እስረኛ ነበር።

መመለሱን የሃይማኖት ጀግንነት ወይም ለእንግሊዝ መንግሥት የተደረገ አገልግሎት ብቻ አድርጎ ማየት በቂ አይደለም። ባለሙያዎቹ ምፅዋ ላይ እንደቆሙ ቀርተው በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ወደ ውስጥ የገባው ቤተሰቡ መያዣ የሆነበት ሰው ነው። መልእክቱ የታሰበለትን ሰላም አላመጣም። ቤተሰቡ ግን በመጨረሻው መንገድ ላይ ብቻውን አልቀረም።

ያ መንገድ በጥቅምት 1867 ተጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት የተሠራውን ታላቁን ሴባስቶፖል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። የፍላድ ቤተሰብም ከሰፈሩ ጋር ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በሚያዝያ 1868 ከእሮጌው ጦርነት በኋላ አውሮፓውያኑ ተለቀቁ፤ ሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ሲያዝ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ።

ማጠቃለያ

ፍላድ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ በኢትዮጵያ አልኖረም። ኑሮውን በቩርተምበርግ፣ በኮርንታል አድርጎ የቤተ እስራኤልን ሚስዮን ከሩቅ መራ። ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋርም በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው ምንኩሉ ይገናኝ ነበር። እሱ መግባት ባልቻለበት አገር የመመለሱ ድርሻ የተማሪዎቹ ሆነ። ከእነዚህ አንዱ ሚካኤል አረጋዊ በክሪሾና ተምሮ ተመልሶ፣ ሥራውን በአገሩ ሰው እጅ ለረጅም ዘመን አስቀጠለ። ፍላድ በ1915 ዐረፈ።

የፍላድ ሕይወት እንደሚያሳየው በቴዎድሮስ ዘመን የውጭ ግንኙነት የተካሄደው በደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ በያዘው ሰውና ከኋላው በቀሩት ሰዎች ጭምር ነበር። የ1866ን ድርድር ከለንደንና ከዘጌ ብቻ ማየት የተለመደ ነው። ያንኑ ዓመት ከጋፋት፣ ከጠበቀችው ሴት በኩል ማጥናት ግን የመያዣን ዋጋ በትክክል ለመመዘን የሚረዳ ሥራ ይሆናል።