አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (እ.ኤ.አ. 1854 – 1916) የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ሲሆኑ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ ለ28 ዓመት ያህል የዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያና አማካሪ በመሆን አገልግለዋል። በቤተ መንግሥት ሙሴ ኢልግ ተብለው ይጠሩ ነበር። ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ከጅቡቲ – አዲስ አበባ ምድር ባቡር ጋር ነው። ሆኖም ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሽቦ በአዋሽ ሸለቆ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋው በእሳቸው ዘመን ነው፤ ስለ ምኒልክና ስለ ኤሌክትሪክ ወንበር የሚወራው ታዋቂ ተረትም ያለ እሳቸው ታሪክ በትክክል አይመዘንም።

ትውልድና ወደ ሸዋ መምጣት

ኢልግ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1854 በስዊዘርላንድ በቱርጋው ግዛት በፍራውንፌልድ ከተማ ነው። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የመካኒክ ምሕንድስና ተምረው ጥቂት ጊዜ በአገራቸው ሠሩ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ሸዋ የነበሩት ምኒልክ በኤደን በነበረ የስዊዘርላንድ የንግድ ቤት በኩል የእጅ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀው ነበር። ኢልግ ጥሪውን ተቀብለው ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር ተነሡ፤ በባሕር ዳርቻው በረሃ ብዙ ወራት ካሳለፉ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አምስት አልሞላም ነበር።

ምኒልክ ለመሐንዲሱ የሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ጫማ መስፋት እንደ ነበር ይተረካል። ኢልግ ጫማ ሰሪ ባይሆኑም ሠርተው አቀረቡ፤ ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ፣ ያንንም ሠሩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ለማሳቅ ይነገራል። ነገር ግን የምኒልክን ጠባይ በደንብ ያሳያል፦ ንጉሡ አዲስ ነገር ከመቀበላቸው በፊት ሰውየው በእጁ የሚያደርገውን ማየት ይፈልጉ ነበር። ኢልግ አማርኛን አጣርተው መናገር መቻላቸው ደግሞ ከሌሎቹ አውሮፓውያን ለይቷቸዋል፤ ስለ አንድ መሣሪያ አሠራር ያለ አስተርጓሚ ለንጉሡ ማስረዳት የሚችሉ ሰው ነበሩ።

የአዋሽ ድልድይ

ከሸዋ ወደ ሐረርና ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ አዋሽን መሻገር ነበረበት። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ሲራራ ነጋዴው ከነግመሉ ዳር ላይ ሰንብቶ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ኢልግ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ በወንዙ ላይ የመጀመሪያውን ድልድይ ሠሩ። ግንዱ ከሩቅ በሰው ትከሻ መጣ፣ ምስማሩና ማሠሪያው እዚያው በእጅ ተቀጠቀጠ፣ ሥራውም የተሠራው በቆላው ቃጠሎ ነው። ድልድዩ ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለጦር መሣሪያ መጓጓዣም ጠቅሟል፤ የዐድዋ ዘመን ጠመንጃ ብዙው ወደ ሸዋ የወጣው በዚሁ አቅጣጫ ነበር።

ውሃውና ስልኩ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ከተራራ የሚወርድ ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገቡ። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ በመሆኑ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሕዝብ እጅግ ተደነቀ፤ ከምንጩ ከፍታ የሚመጣው ግፊት ውሃውን እንደሚያወጣው ግን ለመሐንዲስ ምሥጢር አልነበረም።

ስልክ ከዚያ በፊት መጥቶ ነበር። ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው በ1882 ዓ.ም. ይዘውት የተመለሱት መሣሪያ በቤተ መንግሥት ሲሞከር ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዲወገድ መለመናቸው ይነገራል። ምኒልክ አልተቀበሉም። ከዐድዋ ድል በኋላም ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ ሽቦ ተዘረጋ፤ ሥራው ከኢልግና ከባቡሩ ኩባንያ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነበር። ሽቦው አዋሽን አቋርጦ በቆላው ላይ አለፈ።

ይህ መስመር መከራው ብዙ ነበር። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፣ ዝሆን ሲታከክበት ይጥለዋል፣ ጦጣና ዝንጀሮ ይወዛወዝበታል። ሰውም ሽቦውን እየቆረጠ አምባርና ጌጥ ይሠራበት ነበር። የዘመኑ ተጓዦች ይህን የጻፉት በፌዝ ነው። አንድ ነገር ግን አላስተዋሉም፤ ሽቦውን የቆረጠው ሰው ምንም አልሆነም። የዚያን ዘመን ስልክ ድምፅ የሚያስተላልፈው በባትሪ ነው፤ ኃይሉ ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰውነት አይሰማውም። ደወሉን ለማስጮህ እጀታው ሲዞር የሚመነጨው ኃይል ከፍ ቢልም ለቅጽበት ያንዘፈዝፋል እንጂ እንደ ልብ የሚገድል አቅም አልነበረውም። በእርግጥ የሚያስፈራው መብረቅ ነበር፤ ሜዳ አቋርጦ የሚሄድ ረጅም ሽቦ የመብረቁን ኃይል ከሩቅ ተሸክሞ ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ በቀር የሸለቆው ሕዝብ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተዋወቀው ምንም ጉዳት በማያደርስበት መልኩ ነው።

መብራቱና የወንበሩ ወሬ

በምኒልክ ቤተ መንግሥት የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በጄነሬተር እንደ ሆነ ይነገራል። ኃይሉ ለግቢው ብቻ ነበር። በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በ1904 ዓ.ም. ሲሆን በዚያን ጊዜ ኢልግ አገሩን ለቀው ነበር።

ከዚህ ዘመን ጋር ተያይዞ በመላው ዓለም የሚደጋገም አንድ ወሬ አለ። ምኒልክ በአሜሪካ ወንጀለኛ በኤሌክትሪክ ወንበር እንደሚገደል ሰምተው ሦስት ወንበር አስመጡ፤ ሲደርስ ግን አገሩ ኤሌክትሪክ ስለሌለው አልሠራ አለ፤ በዚህ ምክንያት አንዱን ዙፋን አደረጉት ይባላል። ለዚህ ታሪክ ከዘመኑ ሰነድ የተጠቀሰለት ማስረጃ የለም። ምኒልክን የሚያውቁ ሰዎች ከጻፉት ጋርም አይገጥምም።

ነገሩ ከጊዜውም አንጻር ሲታይ ደካማ ነው። በኤሌክትሪክ ወንበር የተፈጸመው የመጀመሪያው ቅጣት እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1890 በኒውዮርክ ግዛት በኦበርን እስር ቤት ዊልያም ኬምለር በተባለ ሰው ላይ ነው። የመጀመሪያው ኃይል ሳይገድለው ቀርቶ ድጋሚ ተለቀቀበት፤ ጋዜጦችም በድርጊቱ ዘግናኝነት ላይ ብዙ ጻፉ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ወንበሩ ማሠሪያ ጠፍር ያለው የእንጨት ዕቃ ብቻ ነው። የሚገድለው ከሌላ ክፍል በሽቦ የሚመጣው፣ ከሺህ ቮልት በላይ የሚያመነጨው ዲናሞ ነው። ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ኢልግን የሚያህል መሐንዲስ፣ በዙሪክ የተማረና ለምኒልክ የሚመጣውን መሣሪያ ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ዲናሞ የሌለው ወንበር ምንም እንደማያደርግ ሳይናገር ዝም ብሎ ነበር ማለት ነው። ጫማውን እንኳ አይተው ያመኑት ንጉሥ ሳይመረምሩ ገዙ ማለትም ይሆናል። ተረቱ የተወደደው ስለ ምኒልክ እውነት ስለሚናገር አይመስልም፤ አፍሪካዊ ንጉሥ ማሽን አይገባውም ለሚል አድማጭ ስለሚጥም ነው።

ምድር ባቡሩና የመንግሥት አማካሪነት

የባቡሩ ሐሳብ ከኢልግ ሕይወት ብዙውን የወሰደ ሥራ ነው። በ1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ በሐረር በኩል እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ነጭ አባይ የሚደርስ መስመር ለመሥራት ፈቃድ ተሰጣቸው። ከፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐረር ተራራ ለሐዲድ ስላልተመቸ መስመሩ በቆላው አለፈ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያም ገንዘቡ አለቀ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በኩባንያው ላይ ሲፎካከሩ ምኒልክ ባቡሩ የውጭ መንግሥት ንብረት እንዳይሆን ሰጉ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ።

በመካከሉ ኢልግ ከመሐንዲስነት አልፈው የመንግሥት ሰው ሆነው ነበር። ከዐድዋ በፊት በአውሮፓ ጋዜጦች ስለ ኢትዮጵያ ተከራክረዋል፤ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብለው በይፋ ተሾሙ። በፓሪስ የተቀረጸው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብርም የእሳቸው እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1895 ፋኒ ጋቲከር የተባለች የአገራቸውን ልጅ አግብተው ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት መጡ፤ አራት ልጆች ወለዱ።

ስንብትና ሞት

ምኒልክ እየታመሙ፣ በቤተ መንግሥትም የሌሎች አገሮች ተጽእኖ እየበረታ ሲሄድ የኢልግ ቦታ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራቸውን ለቀው ዙሪክ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1916 እዚያው ሞቱ። የሰበሰቧቸው የኢትዮጵያ ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ባቡሩ በሌላ ኩባንያ እጅ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው እሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር የሚለው ቃል የቀረው ከዚያ ነው፤ አምፖል ከፈረንሳይኛ፣ ኮረንቲ ደግሞ ከጣሊያንኛ እንዲሁ ከዕቃው ጋር ተከታትለው ገቡ።

በአዋሽ ሸለቆ ሽቦው ከኢልግ በኋላ

የኢልግ ባቡር በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ የሄደ እንጂ በኤሌክትሪክ ሄዶ አያውቅም። ሰው በጭነት ፉርጎ ጣራ ላይ ወጥቶ ይጓዝ ነበር፤ የሚያሰጋው መውደቅ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆኖ በአዋሽ ላይ ሲሠራ ወንዙ ራሱ የኮረንቲ ምንጭ ሆነ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮ – ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። ይህ መስመር በአዋሽ ሲያልፍ ከሐዲዱ በላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ይዞ ነው።

በዚህ ሽቦ ሥር የድሮው ልማድ ይገድላል። 25,000 ቮልት ሰው ሳይነካው፣ በጣም በመጠጋቱ ብቻ በአየር ዘሎ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ፉርጎ ጣራ ላይ መውጣት፣ ረጅም ብረት ወይም እርጥብ እንጨት ወደ ላይ ማንሣት ከመውደቅ ይልቅ የሚያስፈራ ሆኗል። ሽቦ የሚቆርጥ ሰውም እንደ ሐረሩ ስልክ ዘመን አምባር ይዞ አይሄድም።

በቤትም ቢሆን የአዋሽ ቆላ የራሱ ችግር አለው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው 220 ቮልት ነው። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይከላከላል፤ ከአዋሽ ሰባት ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው አዋሽ አርባ ባለ ሙቀት ግን ሰው ቀኑን ሙሉ በላብ ርሶ ይሠራል። በላብ የራሰ ሰውነት መከላከያው ወደ 1,000 ኦም ገደማ ሲወርድ 220 ቮልት ሁለት መቶ ሃያ ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፍበታል። ከ10 እስከ 16 ሚሊ አምፔር ባለው መጠን እጅ ተጨማድዶ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ኮረንቲ ያዘው የሚባለው በትክክል ይኸው ነው። ከመቶ በታች የሆነ ሚሊ አምፔር እንኳ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ፊውዝ ወይም ባልቦላ የሚቆርጠው ብዙ አምፔር ሲያልፍ ስለሆነ ሰውየው እስኪሞት ላይቆርጥ ይችላል፤ በ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ልዩነት የሚቆርጠው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ሱቅና ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ባለበት እርሻ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለአርብቶ አደሩ የሚብሰው የወደቀ መስመር ነው። መሬት የነካ ሽቦ ኮረንቲውን በዙሪያው መሬት ላይ ይበትናል፤ ኃይሉ ከሽቦው እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል። የፊትና የኋላ እግሩን አራርቆ የሚቆም ግመል ወይም ከብት በሁለቱ እግሮቹ መካከል ትልቅ የቮልት ልዩነት ያገኘዋል፣ መንገዱም በልቡ አጠገብ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ሰው ተርፎ ከብት ሊሞት ይችላል። እረኛው የወደቀውን ከብት ሊያነሣ ሲሮጥ ግን እርምጃው ስለሚሰፋ እሱም ይያዛል። ከአካባቢው መውጣት ያለበት እግሮቹን ሳያራርቅ መሬቱን እየጎተተ ነው፤ ኃይሉ መቋረጡ በመብራት ኃይል ሠራተኛ ካልተረጋገጠ በቀርም መመለስ የለበትም።