መንገድ ያልጠፋቸው ስዊድናዊ

እኔ የሰርቦ ልጅ ነኝ። ክረምት ላይ ደመናው ቡናችን ላይ ሲተኛ፣ ጅማ የሚያርፈው አውሮፕላን መንገዱን እንዴት ያገኘዋል እያልኩ እጨነቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ታሪክ ነው።

በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ለማብረር መጡ። ከድል በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ለአስር ዓመት ያህል አሠለጠኑ። ግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ 6,220 ኪሎ ሜትር ሳያርፉ ገቡ። ያኔ አቅጣጫ የሚነግር ሳተላይት የለም፤ አብራሪ በኮምፓስ፣ በካርታና በሰዓት ነው የሚያሰላው። ኮምፓሱም ቢሆን አውሮፕላኗ ስትዞርና ስትገለባበጥ ይዋዥቃል፤ ቀጥ ብላ እስክትበር መታገሥ ነው።

በ1960ዎቹ ረሃብ ጊዜም ተመልሰው በትንንሽ አውሮፕላን እህል ከአየር አወረዱ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ የተገደሉት መሬት ላይ ሳሉ ነው። ሰማይ ላይ ግን መንገድ አልጠፋቸውም። አሁን ከደመናው በላይ ድምፅ ስሰማ ትዝ ይሉኛል።