የቁጥር ወንፊት ያበጀው ኤራቶስቴንስ

ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር፣ በቀሬና ከተማ ተወለደ። በአቴና ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ የግብፅ ንጉሥ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ወደ እስክንድርያ አስጠርቶ የታላቁ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ አደረገው። ቅኔ ይጽፍ፣ ከዋክብትን ይመረምር፣ ታሪክ ያጠና፣ ምድርንም ይለካ ነበር። ይሁን እንጂ በየዕውቀቱ ከእርሱ የሚበልጥ አንድ ሰው አይጠፋም በማለት የዘመኑ ሰዎች ቤታ ብለው ጠሩት ይባላል፤ ቤታ በግሪክ ፊደል ሁለተኛው ነው። ለእኔ ግን ምቀኞች ያወጡለት ስም ይመስለኛል።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተማሪዎች ይህ ሊቅ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ስማዳንና እስቴን በደቡብ በኩል የሚያዋስነው ዐባይ፣ እንዲሁም ተከዜ የሚገባበት አትባራ፣ በመልክዐ ምድር ጽሑፉ ውስጥ በግሪክ ስማቸው ተጠቅሰዋል። የግብፅ ወንዝ የሚሞላው በላይኛው አገር በሚዘንበው ዝናብ እንደ ሆነም ተረድቶ ነበር። በአስዋንና በእስክንድርያ የፀሐይ ጥላ ተመርቶ የመሬትን ዙሪያ ማስላቱ በየመጽሐፉ ስለ ተጻፈ እዚህ አልደግመውም።

እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሌላው ብልሃቱ ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እንደዚህ ናቸው። ሌሎቹን ለማግኘት እያንዳንዱን ቁጥር እያካፈሉ መሞከር አድካሚ ስለሆነ ኤራቶስቴንስ ማካፈሉን ተወው። ከ2 እስከ 100 በተርታ ጻፉ፤ 2ን አስቀርታችሁ ብዜቶቹን ሰርዙ፤ ቀጥሎም የ3ን፣ የ5ን፣ የ7ን ብዜቶች ሰርዙ። ተከታዩ 11 ነው፤ 11 በ11 ሲባዛ 121 ስለሚሆን ሥራው እዚህ ያልቃል። ሳይሰረዙ የሚቀሩት 25 ናቸው። ብዙ ተማሪ ብቸኛ ነው ብሎ የሚከራከርለት 91 እንኳ በ7 ተራ ይወድቃል። ስለዚህ ዘዴው ወንፊት ተባለ፤ ልዩነቱ እናቶቻችን የሚፈልጉት ወደ ታች የሚወርደውን ዱቄት ሲሆን እርሱ የፈለገው ከላይ የሚቀረውን መሆኑ ነው።

ዛሬ ብቸኛ ቁጥር የሚፈልጉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ይህንኑ ወንፊት ይዘዋል። በዚህ ሥራ ሁለት ፕሮሰሰሮችን ለማወዳደር የሚሻ ሰው የስሌት ፍጥነታቸውን ብቻ ቢመለከት ይሳሳታል፤ ወንፊቱ መደመርና መሰረዝ እንጂ ከባድ ስሌት የለበትምና። ብልጫው የሚታየው ሰንጠረዡ ካሽ በሚባለው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ማከማቻ ሲገባ ነው። እስከ 1,000,000 ላሉት ጎዶሎ ቁጥሮች ለያንዳንዳቸው አንድ ቢት ቢሰጥ 62,500 ባይት ይፈጃሉ። በብዙ ፕሮሰሰሮች የቅርቡ ካሽ የሚይዘው ግን 32,000 ባይት ያህል ስለሆነ፣ ጥሩ ፕሮግራም ሰንጠረዡን ከፋፍሎ በየተራ ይሠራል። እጅግ ግዙፍ በሆኑት ቁጥሮች ላይ ወንፊቱ የማይሆኑትን አስቀድሞ ይጥላል እንጂ የመጨረሻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ለዚያ ትልልቅ ቁጥሮችን ደጋግሞ ማባዛት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የተገኘው፣ 41,024,320 አኀዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር፣ የታወቀው መጀመሪያ ለሥዕል ማሳያ በተፈጠሩት ጂፒዩ በሚባሉ ፕሮሰሰሮች ነው።

ኤራቶስቴንስ ራሱ ስለ ወንፊቱ የጻፈው ጠፍቷል፤ የምናውቀው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ኒቆማኮስ ከጻፈው የቁጥር መጽሐፍ ነው። በስተርጅናው ዓይኑ ታወረ። ማንበብ የተሳነው የመጻሕፍት ጠባቂ ምግብ መብላት ትቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ194 ዓመት ገደማ፣ ዕድሜው 80 ሲደርስ፣ በእስክንድርያ እንደ ሞተ ይነገራል።