ጆን ሚዩር፤ የዳነው ፏፏቴና የሰጠመው ሸለቆ

ካሊፎርኒያ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው የአዲስ አበባ ሰው የዮሰሚቲን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተምሥራቅ በመኪና አራት ሰዓት ያህል የሚያስኬደው ይህ ብሔራዊ ፓርክ በፏፏቴዎቹና በተራራ የእግር መንገዶቹ የታወቀ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የዮሰሚቲ ፏፏቴ በሦስት እርከን 739 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እኔም አንድ ዓመት በግንቦት ወር ይህንኑ ለማየት ሄጄ ነበር። በካርታው፣ በየመንገዱ ምልክትና በየመጻሕፍት መደብሩ የአንድ ጺማም ሽማግሌ ስምና ምስል ስላጋጠመኝ ሰውዬውን ለማወቅ ጓጓሁ። ጆን ሚዩር ይባላል፤ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የሚዩርን ታሪክ ለአንባብያን ላካፍል የፈለግሁት አንድ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ነው። ለመሆኑ አንድ የተፈጥሮ ሥፍራ በመንግሥት አዋጅ ከተከለለ በኋላ ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል? የዚህ ሰው ሕይወት መልሱን ሁለት ጊዜ ይሰጠናል፤ አንዴ በድል፣ አንዴ በሽንፈት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚዩር የተወለደው በ1838 በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ደንባር ከተማ ነው። በ1849፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በዊስኮንሲን ግዛት እርሻ ጀመረ። አባቱ እጅግ ጥብቅ ሃይማኖተኛ ነበሩ። ልጁ አዲስ ኪዳንን በሙሉ፣ ብሉይ ኪዳንንም አብዛኛውን በቃሉ ያጠናው በአለንጋ እየተገረፈ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስና ሲቆፍር ይውላል። አንድ ጊዜ አባቱ የውኃ ጉድጓድ አስቆፈሩት። ድንጋዩን በመሮና በመዶሻ ብቻ እየፈለፈለ ወደ 24 ሜትር ገደማ ሲደርስ ታች የተጠራቀመው መርዛማ አየር አፈነው፤ በባልዲ ተጎትቶ ወጣ። ጥቂት ቀን አርፎ ወደዚያው ጉድጓድ ተመለሰ፤ 27 ሜትር ላይም ውኃ አገኘ።

ይህ የእርሻ ልጅ ግን እጁ ለፈጠራ የተሰጠ ነበር። ከሌሊቱ ሰዓት ሰርቆ ከእንጨት ሰዓት ይሠራል። ሰዓቱ ሲደርስ የተኛውን ሰው ገልብጦ የሚያስነሳ አልጋ ሳይቀር ሠርቷል። በ1860 ሥራዎቹን ይዞ ወደ ዊስኮንሲን ዋና ከተማ ማዲሰን ሄዶ በኤግዚቢሽን አቀረበ፤ ተደነቀለትም። ከዚያ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እጽዋትንና የምድርን አፈጣጠር ተማረ፤ ዲግሪውን ሳይዝ ግን ወጣ።

ሕይወቱን የለወጠው አንድ አደጋ ነው። በ1867 ኢንዲያናፖሊስ ከተማ በሚገኝ የሠረገላ ዕቃ ፋብሪካ ሲሠራ የያዘው ሞረድ አምልጦት ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ግራ ዓይኑም ተከትሎ ጨለመ። ሳምንታትን በጨለማ ክፍል ተኝቶ አሳለፈ። ብርሃኑ ሲመለስለት ፋብሪካውን ተሰናበተና በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ በእግሩ ተነሣ። ከኬንታኪ እስከ ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ፍሎሪዳ ላይ ወባ ጥሎት ከሞት ተረፈ። በመጋቢት 1868 በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ፤ ከዚያም አሁንም በእግሩ ወደ ዮሰሚቲ ገሰገሰ።

የሚገርመው ነገር፣ ኋላ የበግ መንጋ ከዚያ ተራራ እንዲወጣ አጥብቆ የታገለው ሚዩር እዚያ ሥራ ያገኘው ከበግ ጋር ነው። በ1869 ክረምት አንድ የመንጋ ባለቤት 2,000 ያህል በጎች ወደ ተራራው ሲወጡ አብሮ እንዲከታተል ቀጠረው። መንጋው ባለፈበት ሁሉ ሣሩና አበባው ተነጭቶ ባዶ መሬት ሲቀር በዓይኑ አየ። በዚያው በጋቸው ነው የዮሰሚቲ ፏፏቴ ከሚወረወርበት ጫፍ ላይ የደረሰው። ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ ራስ ማዞር እንዳይዘው ከእኛ አሪቲ ወገን የሆነ መራራ ቅጠል አፉ ውስጥ አድርጎ፣ ጣት በማያስቆም የድንጋይ ጠርዝ ላይ እየተንፏቀቀ ውኃው ገደሉን ለቅቆ ሲወርድ ተመለከተ። ዛሬ ማንም እንዲህ ያድርግ አልልም። በዮሰሚቲ ፏፏቴዎች አናት ላይ ተንሸራትተው የሞቱ ጎብኚዎች ብዙ ናቸው፤ አጥሩም ሆነ ማስጠንቀቂያው የተሠራው በምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ በሸለቆው ውስጥ በእንጨት መሰንጠቂያ ተቀጥሮ ይሠራ ጀመር። የሚሰነጥቀው ነፋስ የጣለውን ዛፍ ነበር። ከታችኛው ፏፏቴ አጠገብ ለራሱ ጎጆ ሲሠራ የወንዙን አንድ ቅርንጫፍ በጎጆው ጥግ በኩል አሳለፈው፤ ሌሊት የውኃውን ድምፅ እየሰማ እንዲተኛ። በሚያዝያ 1871 አንድ የጨረቃ ሌሊት ከላይኛው ፏፏቴ ኋላ ወዳለው የድንጋይ መደብ ወጣ። ጨረቃዋን በውኃው መጋረጃ ውስጥ አሻግሮ እያየ ሳለ ነፋሱ ዞረና የውኃው ክምር ወደ እርሱ ተመለሰ። ከበረዶ ድንጋይ ጀርባ ተጎንብሶ ውርጅብኙ እስኪያልፍ ጠበቀና ተረፈ።

ሚዩር ግን ጀብደኛ ብቻ አልነበረም። በጊዜው የካሊፎርኒያ የጂኦሎጂ ጥናት ኃላፊ የነበረው ጆሳያ ዊትኒ የዮሰሚቲ ሸለቆ የተፈጠረው መሬቱ በድንገት ወደ ታች ሰጥሞ ነው ይል ነበር። ዲግሪ የሌለው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ በእግሩ እየዞረ፣ በአለቱ ላይ የቀረውን ጭረትና ልስላሴ እያጠና፣ ሸለቆውን የፈለፈለው የበረዶ ግግር ነው ብሎ ተነሣ። በ1872 በአንድ ግግር ላይ ካስማ ተክሎ ለካ፤ መሀል ላይ የነበረው ካስማ በ46 ቀን ከአንድ ሜትር በላይ ተጉዞ አገኘው። የዛሬ ሳይንስ ወንዞችም ድርሻ እንደነበራቸው ይጨምራል፤ በዋናው ክርክር ግን የተረታው ዊትኒ ነው። ሚዩር ያጠናቸው ግግሮች ዛሬ እየሟሸሹ ናቸው። ከነዚሁ አንዱ የሆነው የላየል ግግር መንቀሳቀስ ማቆሙ በ2013 ተነግሯል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የዮሰሚቲ ሸለቆ ሚዩር ከመድረሱ በፊት በሕግ የተከለለ ነበር። በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆውንና የማሪፖሳን ግዙፍ ዛፎች ለሕዝብ መዝናኛ እንዲጠብቅ ለካሊፎርኒያ ግዛት በአደራ ሰጥተዋል። ወረቀቱ ጥሩ ነበር። መሬት ላይ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ ሜዳው ታርሶ ድርቆሽ ይመረትበታል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ አጥር ይታጠራል። ከሸለቆው በላይ ያለው ተራራ ደግሞ ከአደራው ውጪ ስለነበር በጎች እንዳሻቸው ይግጡበታል። የፏፏቴው ምንጭ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። የላይኛው ሣርና ደን ካለቀ የታችኛው ፏፏቴ ምን ዋስትና አለው?

ሚዩር በ1880 ትዳር ይዞ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልዶ፣ ማርቲኔዝ በምትባል ከተማ የአማቱን የፍራፍሬ እርሻ እያለማ ጥሩ ገንዘብ ይዞ ነበር። በ1889 ሮበርት አንደርውድ ጆንሰን የተባለ የታወቀ መጽሔት አዘጋጅ ወደ ተራራው ወጥቶ ጥፋቱን አብሮት አየ። ተስማሙ፤ ሚዩር ይጽፋል፣ ጆንሰን ያሳትማል፣ ዋሽንግተን ሄዶም ይወተውታል። ጽሑፎቹ በ1890 ወጡ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ኮንግረሱ በሸለቆው ዙሪያ ያለውን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ የሚያደርገውን ሕግ አጸደቀ። በ1892 ደግሞ ሚዩርና ጓደኞቹ ሲዬራ ክለብ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ፕሬዚዳንቱ እርሱ ነበር።

ሸለቆው ራሱ ግን ገና በግዛቱ እጅ ነበር። በግንቦት 1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዮሰሚቲን ሊጎበኙ ሲመጡ ከሚዩር ጋር ሦስት ሌሊት ሜዳ ላይ አደሩ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ያዘጋጁትን ግብዣም ትተዉት ሄዱ። በአንደኛው ማለዳ ፕሬዚዳንቱ የነቁት ብርድ ልብሳቸው ላይ በረዶ ተከምሮ ነው። ሚዩር በእነዚያ ሌሊቶች ያሰበውን ሁሉ ነገራቸው። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ሸለቆውን ለፌዴራሉ መንግሥት ለመመለስ የወሰነው በ1905 ሲሆን በሴኔቱ ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው፤ ለዚያም የባቡር ኩባንያ ባለጸጋው ኤድዋርድ ሃሪማን ከበስተጀርባ ረድቷል። ርክክቡ በ1906 ተጠናቀቀ። የዮሰሚቲ ፏፏቴ ከነምንጩ በአንድ ጠባቂ እጅ የገባው ከሊንከን አዋጅ 42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያው በ1906 ሚያዝያ ወር ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወደመች። ከተማዋ ቀደም ብላም የውኃ እጥረት ስለነበረባት ዓይኗን ሄች ሄቺ በሚባል ሸለቆ ላይ ጥላ ነበር። ሄች ሄቺ የዮሰሚቲ መንትያ የሚባል ሥፍራ ነው፤ ግራናይት ገደል፣ ሜዳ፣ ከገደሉ የሚወርዱ ሁለት ፏፏቴዎች። በዚያ ላይ በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ነው። ከአደጋው በፊት የከተማዋ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ግን ለተቃጠለች ከተማ ውኃ አትስጡ ማለት ቀላል አልሆነም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የከተማዋ ጥማት የእውነት ነበር። ግድቡን ከደገፉት መካከል የአሜሪካ የደን አገልግሎት የመጀመሪያ ኃላፊ ጊፎርድ ፒንቾ ይገኝበታል፤ እርሱም የተፈጥሮ ሀብት ጠበቃ ነበር። ፒንቾ ሀብት ለብዙ ሰው ጥቅም ይዋል ሲል፣ ሚዩር ውኃ ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል፣ ሸለቆ ግን ከሌላ ቦታ አይመጣም ባይ ነበር። ጋዜጦች፣ የሴቶች ማኅበራትና ተጓዦች ከየግዛቱ በደብዳቤ ከጎኑ ቆሙ። በታኅሣሥ 1913 ሴኔቱ 43 ለ25 በሆነ ድምፅ ግድቡን ፈቀደ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ፈረሙበት። ሚዩር ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1914፣ በ76 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። ግድቡ በ1923 ተጠናቀቀ፤ ሸለቆውም ከውኃ በታች ገባ።

ሚዩርን ቅዱስ አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይደለም። ዮሰሚቲ ሰው ያልነካው ምድር አልነበረም። የአዋኒቺ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የኖረበት ሲሆን፣ በ1851 ታጣቂዎች መንደሩንና የምግብ ክምችቱን አቃጥለው አባረውታል። ሚዩር በወጣትነት ጽሑፎቹ ስለ ነባር ሕዝቦችም ሆነ ስለ ጥቁሮች ንቀት ያዘለ ነገር ጽፏል። በኋላ በአላስካ ከትሊንጊት ሕዝብ ጋር ሲጓዝ አመለካከቱ መለዘቡ ይታያል፤ የጻፈው ግን አልተፋቀም። ራሱ የመሠረተው ሲዬራ ክለብ በ2020 ይህንን በይፋ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። መሬትን ለመጠበቅ የሚነሣ ሁሉ በመሬቱ ላይ ማን እንደነበረ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከሞተ በኋላ የሆነው ነገር ሽንፈቱ ከንቱ እንዳልነበር ያሳያል። በሄች ሄቺ የተቀሰቀሰው ቁጭት በ1916 የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እንዲቋቋም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በስሙ የተሰየመው የእግር መንገድ ሥራ በ1915 ተጀምሮ በ1938 ተጠናቀቀ። ከዮሰሚቲ ሸለቆ ተነሥቶ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና 4,421 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ያበቃል። የተራራው ስም ዊትኒ ነው፤ የሸለቆው ክርክር ባላጋራው ስም።

እኛስ? ጢስ ዓባይን የሚያውቅ ሰው የሄች ሄቺ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ወደ ማመንጫው ስለተጠለፈ፣ በበጋ ፏፏቴውን ሊያይ የሄደ ሰው ቀጭን ጅረት አይቶ ይመለስ ነበር። መብራትም እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ውኃ የእውነት ያስፈልግ ነበር። ልዩነቱ ሄች ሄቺ ከመዘጋቱ በፊት አንድ አገር ሙሉ ለዓመታት መከራከሩ ነው።

ዮሰሚቲ የመሄድ ዕድል የሚያጋጥማችሁ አንባብያን ግንቦትና ሰኔን ምረጡ፤ በረዶው የሚቀልጠው ያኔ ነው፣ በነሐሴ መጨረሻ ታላቁ ፏፏቴ ሊደርቅ ይችላል። አንድ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ ሄች ሄቺን አትለፉት። መንገዱ በግድቡ ላይ ተሻግሮ፣ በዋሻ አልፎ፣ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በሐይቁ ዳር እየሄደ ዋፓማ ፏፏቴ ሥር ያደርሳል። ፏፏቴው ዛሬም ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ሜዳው ላይ ሳይሆን ግድቡ ባጠራቀመው ውኃ ላይ ነው። ያንን ውኃ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይጠጣዋል። ሚዩር ትክክል ነበር ወይስ ከተማዋ? እዚያ ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ለመፍረድ ይዘገያል፤ ሚዩርም ሰዎች መጀመሪያ ሄደው እንዲያዩ ነበር ዕድሜውን ሙሉ የለመነው።