ምስጢራዊው ኮድ ያልታደጋቸው ንግሥት፦ ሜሪ ስቱዋርት

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሐምሌ 17/1586 ነበር። በእንግሊዝ ስታፎርድሻየር፣ ቻርትሊ በተባለ ግቢ ታስረው የነበሩት የቀድሞዋ የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ስቱዋርት አንድ ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው ወደ ምስጢራዊ ምልክቶች ተለውጦ በቢራ በርሜል ውስጥ ተደብቆ ወጣ። ንግሥቲቱ ከተቀባዩ በቀር ማንም እንደማያነበው ያምኑ ነበር። ሰባት ወራት ሳይሞላ ግን ይኸው ደብዳቤ ለመጥረቢያ ዳረጋቸው።

ሜሪ የተወለዱት በታኅሣሥ 1542 ነው። ገና የስድስት ቀን ጨቅላ ሳሉ አባታቸው ንጉሥ ጄምስ አምስተኛ በመሞታቸው ዘውዱ ለእሳቸው ሆነ። በአምስት ዓመታቸው ወደ ፈረንሳይ ተላኩ፤ የአገሩን አልጋ ወራሽ አግብተውም ለአጭር ጊዜ የፈረንሳይ ንግሥት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ በ18 ዓመታቸው ወደ ስኮትላንድ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጥድፊያ የበዛበት ነው። ሁለተኛው ባላቸው ሎርድ ዳርንሊ በ1567 ተገደሉ። ሜሪ ሦስት ወር ቆይተው በግድያው የተጠረጠሩትን የቦዝዌል መስፍን አገቡ። መኳንንቱ አመፁ፤ ንግሥቲቱም ዘውዳቸውን ለአንድ ዓመት ልጃቸው ለጄምስ እንዲለቁ ተገደዱ። በ1568 የዘመዳቸውን የንግሥት ኤልሳቤጥን ከለላ ፈልገው ወደ እንግሊዝ ቢሸሹም የጠበቃቸው እስር ነበር። ብዙ ካቶሊኮች የእንግሊዝ ዙፋን ለሜሪ ይገባል ይሉ ስለነበር ኤልሳቤጥ ሊለቋቸው አልደፈሩም።

በ19 የእስር ዓመታት ውስጥ ሜሪ ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኙት በአብዛኛው በኮድ በተጻፉ ደብዳቤዎች ነው። ዛሬ የባንክ ሰርቨር የደንበኛውን ሰነድ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ መስጥሮ እንደሚልክ ሁሉ፣ በቻርትሊም ሰነዱን የሚያዘጋጁትና የሚመሰጥሩት የንግሥቲቱ ጸሐፊዎች ክሎድ ኖ እና ጊልበርት ከርል ነበሩ። ኖ በፈረንሳይኛ ያረቀቀውን ከርል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በምልክት ይጽፈዋል። የኮዱ ሠንጠረዦችም እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀመጡ ነበር።

ኮዱ ለ23 ፊደላት 23 ምልክቶች፣ ለተዘወተሩ ቃላትና ሐረጎች ደግሞ ከ30 በላይ ምልክቶች ነበሩት። አንባቢን ለማሳሳት የገቡ፣ ምንም ትርጉም የሌላቸው ምልክቶችም ነበሩበት። ዋናው ድክመቱ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ምልክት ብቻ መተካቱ ነው። በአንድ ቋንቋ የትኛው ፊደል እንደሚደጋገም የሚያውቅ ሰው ምልክቶቹን ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል። ይህን ዘዴ የባግዳዱ ሊቅ አል ኪንዲ ከ700 ዓመታት በፊት በጽሑፍ አስቀምጦት ነበር።

የኤልሳቤጥ ሚኒስትርና የስለላ ኃላፊ ሰር ፍራንሲስ ዋልሲንግሃም ዘዴውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቶማስ ፌሊፕስ የተባለ ባለሙያ ነበራቸው። በርሜሉን መልእክት ማመላለሻ ያደረገው ጊልበርት ጊፎርድም የእሳቸው ሰው ነበር። እያንዳንዱ ደብዳቤ ማኅተሙ በጥንቃቄ ተነሥቶ፣ ተገልብጦና ዳግም ታሽጎ ነው መንገዱን የሚቀጥለው። ሜሪ በግልጽ ቢጽፉ ኖሮ ምናልባት ይጠነቀቁ ነበር፤ ኮዱ ግን ልባቸውን አሞኘው።

አንቶኒ ባቢንግተን የተባለ የ24 ዓመት ወጣት መኳንንት ሜሪን ለማስፈታትና ኤልሳቤጥን በስድስት ሰዎች እጅ ለማስገደል ማቀዱን ጽፎ ላከላቸው። የሐምሌ 17ቱ ደብዳቤ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ፌሊፕስ ፈትቶ ከገለበጠው በኋላ በቅጂው ላይ የመስቀያ እንጨት ሣለበት። የስድስቱን ሰዎች ስም የሚጠይቅ ሐሰተኛ አንቀጽም በዚያው ኮድ ተጨመረበት። የተቆለፈው ደብዳቤ አሁን ሜሪ ያላሉትንም በእሳቸው ስም ይናገር ጀመር።

በነሐሴ ወር ንግሥቲቱ በፈረስ ወጥተው ሳለ ተያዙ፤ ሣጥኖቻቸው ተበረበሩ፣ የኮድ ሠንጠረዦቹም ተወሰዱ። በጥቅምት በፎዘሪንጌይ ቤተ መንግሥት ለፍርድ ሲቀርቡ በሴራው እጃቸው እንደሌለበት ተከራከሩ። ዋናው ደብዳቤ በችሎት አልቀረበም፤ የቀረበው የተፈታው ቅጂ ነበር። ያን ያህል የታመኑት ሁለቱ ጸሐፊዎች ግን ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። የካቲት 8/1587 ሜሪ በ44 ዓመታቸው አንገታቸው ተቀላ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2023 ሦስት ተመራማሪዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስለ ጣሊያን ጉዳይ የተጻፉ ተብለው የተመዘገቡ 57 ደብዳቤዎችን በኮምፒውተር ታግዘው ፈቱ። ጸሐፊያቸው ሜሪ ሆነው ተገኙ። ከ1578 እስከ 1584 የተጻፉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በለንደን ለነበሩት የፈረንሳይ አምባሳደር የተላኩ ናቸው።

የእነዚህ ኮድ ከቻርትሊው የጠነከረ ነበር፤ አንድን ፊደል በተለያዩ ምልክቶች ይተካል። ሆኖም የአንዳንዶቹ ደብዳቤዎች ግልጽ ቅጂ በእንግሊዝ መዛግብት ውስጥ ቀድሞውኑ ተቀምጦ ነበር። ዋልሲንግሃም በኤምባሲው ውስጥ ሰላይ ነበራቸው፤ ኮዱን መስበር ሳያስፈልጋቸው የተፈታውን ጽሑፍ ከዚያው ያገኙት ነበር።