ባትሊንግ ሲኪ፦ ተገቢውን ሥፍራ ያላገኘው አፍሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን

የቦክስ ስፖርት ታሪክ በተወሳ ቁጥር ቀድመው የሚነሱት የጥቂት ዝነኞች ስሞች ናቸው። ጃክ ጆንሰንን፣ ጃክ ዴምፕሲን፣ ጆ ሉዊስንና መሐመድ አሊን የማያውቅ የስፖርቱ ወዳጅ የለም ለማለት ይቻላል። በአንጻሩ በመድረክ ላይ ያስመዘገቡት ውጤት እየታወቀ፣ በዘመናቸው በነበረው የዘር መድልዎና በተዛባ ዘገባ ሳቢያ ተገቢውን ሥፍራ ሳያገኙ ያለፉ ቦክሰኞች ቁጥር ቀላል አይደለም። ከእነዚህ አንዱ ባትሊንግ ሲኪ በሚለው የመድረክ ስሙ የሚታወቀው ሴኔጋላዊው ሉዊ ምባሪክ ፋል ነው።

ሲኪ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1922 በፓሪስ አቅራቢያ በተካሄደ ግጥሚያ ፈረንሳዊውን ጆርጅ ካርፐንቲየርን በ6ኛው ዙር አሸንፎ የቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህም ድል በዘመናዊው የቦክስ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮንነትን ክብር የተቀዳጀ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ለመሆን በቅቷል። ይሁን እንጂ ድሉ ለረጅም ዓመታት የችሎታና የልምድ ውጤት ተደርጎ ሳይሆን፣ ከጫካ የወጣ ሰው በጉልበቱ ያገኘው አጋጣሚ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። የሕይወት ታሪኩ በቅደም ተከተል ሲታይ ግን ይህ አባባል ከእውነታው ምን ያህል እንደራቀ ለመገንዘብ አያዳግትም።

ሲኪ የተወለደው በ1897 በሴኔጋል ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። በሴኔጋል ወንዝ መፍሰሻ ላይ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ እስከ 1902 ድረስ የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ግዛቶች ዋና ከተማ የነበረች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሰፊ የንግድ እንቅስቃሴ የነበራት ጥንታዊ ወደብ ናት። ከዚህም በላይ ሴንት ሉዊስ ከዳካር፣ ከሩፊስክና ከጎሬ ደሴት ጋር ነዋሪዎቻቸው በፈረንሳይ ምክር ቤት እንደራሴ የመምረጥ መብት ከነበራቸው አራት ከተሞች አንዷ ነበረች። በኋላ የአውሮፓ ጋዜጦች የጫካ ልጅ እያሉ የጠሩት ሰው ተወልዶ ዓይኑን የገለጠው እንዲህ ባለች ከተማ ውስጥ ነው።

ሲኪ ገና በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። በዚያም ኑሮውን ለመደጎም በልዩ ልዩ አነስተኛ ሥራዎች ላይ ከተሰማራ በኋላ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜው አጋማሽ በደቡባዊ ፈረንሳይ በሚገኙ ከተሞች በክፍያ ቦክስ መጋጠም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቶቹ ሽንፈትም ድልም የተቀላቀለባቸው ነበሩ። እንደ ማንኛውም ጀማሪ ቦክሰኛ ሙያውን የተማረው በመድረክ ላይ እየወደቀና እየተነሳ ነው።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የስፖርት ሕይወቱ ተቋረጠ። ሲኪ በፈረንሳይ ጦር 8ኛው የቅኝ ግዛት እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተሰልፎ ተዋጋ፤ ቆሰለም። በጦር ሜዳ ላሳየው ጀግንነትም የጦር መስቀልና ወታደራዊ ሜዳይ የተባሉትን ሁለት ከፍተኛ የፈረንሳይ ሽልማቶች ተቀብሏል። ይህ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም በኋላ የተጋጠመው ካርፐንቲየርም በዚያው ጦርነት በአየር ኃይል አገልግሎ እነዚህኑ ሁለት ሽልማቶች የተቀበለ ሰው ነበር። በ1922 በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት የተሸለሙ የፈረንሳይ ወታደሮች ሲሆኑ፣ በጋዜጦች ዘንድ የአገር ጀግና ተብሎ የቀረበው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሲኪ በ1919 ወደ ቦክስ ተመለሰ። ከፈረንሳይ ባሻገር በኔዘርላንድ፣ በቤልጂየም፣ በጀርመንና በስፔን እየተዘዋወረ ተጋጥሟል። ለዓለም ሻምፒዮንነት እስከ ተሰለፈበት ቀን ድረስ በነበሩት ሦስት ዓመታት ገደማ ከ40 በላይ ግጥሚያዎችን አድርጎ ሽንፈት የገጠመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በዚሁ ወቅት ኔዘርላንዳዊት ባለቤቱን አግብቶ ልጅ የወለደ ሲሆን፣ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ቋንቋዎችንም ይናገር ነበር። ከዚህ አኳያ ሲታይ ከካርፐንቲየር ጋር የተገናኘው በድንገት የተገኘ ያልታወቀ ሰው ሳይሆን፣ በጦር ሜዳም በመድረክም የተፈተነ የ25 ዓመት ባለሙያ ነበር።

ካርፐንቲየር በበኩሉ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ ስፖርተኞች ሁሉ የላቀ ዝና ነበረው። በኦክቶበር 1920 አሜሪካዊውን ባትሊንግ ሌቪንስኪን አሸንፎ የቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሲሆን፣ በጁላይ 1921 ደግሞ ከከባድ ሚዛኑ ሻምፒዮን ጃክ ዴምፕሲ ጋር በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ ተጋጥሞ ነበር። በ4ኛው ዙር በዝረራ ቢሸነፍም፣ ግጥሚያው በቦክስ ታሪክ የመግቢያ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ውድድር በመሆኑ የፈረንሳዩን ቦክሰኛ ስም ይበልጥ አገነነው። ስለሆነም ከሲኪ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ ለሻምፒዮኑ ቀላል ማሟሟቂያ ተደርጎ ተገምቶ ነበር።

ግጥሚያው የተካሄደው በሞንሩዥ በሚገኘው በቡፋሎ ስታዲየም ሲሆን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ታድሞበታል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የበላይነቱን ይዞ የነበረው ካርፐንቲየር ነው። ሲኪ ወለል የነካባቸው አጋጣሚዎችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የውድድሩ መልክ ተለወጠ። ሲኪ ወደ ተጋጣሚው እየተጠጋ በሁለቱም እጆቹ ያለማቋረጥ ያሳርፍበት በነበረው ምት ሻምፒዮኑ እየደከመ ሄደ። በ6ኛው ዙርም ካርፐንቲየር ፊቱ በእጅጉ ተጎድቶ ከወደቀበት መነሳት ተሳነው።

በዚህን ጊዜ የተከሰተው ነገር እስከ ዛሬ በቦክስ ታሪክ ሲጠቀስ ይኖራል። የመድረኩ ዳኛ ሲኪ ተጋጣሚውን በእግሩ ጠልፎ ጥሏል በማለት ከውድድሩ አሰናብተው ድሉን ለወደቀው ካርፐንቲየር ሰጡ። ሁኔታውን በዓይኑ የተመለከተው ሕዝብ ግን ውሳኔውን አልተቀበለውም። አብዛኛው ተመልካች የካርፐንቲየር ደጋፊ ሆኖ ወደ ሥፍራው የመጣ ቢሆንም፣ ከመቀመጫው ሳይንቀሳቀስ ተቃውሞውን አሰማ። በመድረኩ ዙሪያ የነበሩት ሦስቱ የነጥብ ዳኞችም ተመካክረው የመድረኩን ዳኛ ውሳኔ በመሻር ሲኪ አሸናፊ መሆኑን አወጁ። ጃክ ጆንሰን በ1915 በሃቫና ከተማ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነቱን ካጣ ወዲህ የዓለም ክብር በጥቁር ቦክሰኛ እጅ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ድሉ በቅኝ ግዛት ሥር ይማቅቁ በነበሩ ሕዝቦች ዘንድ ትልቅ ትርጉም ተሰጥቶታል። በዚያን ጊዜ በፓሪስ ይኖሩ የነበሩትና በኋላ የቬትናም መሪ የሆኑት ሆ ቺ ሚን ቅኝ አገዛዝን በሚቃወም ጋዜጣ ላይ ስለ ሲኪ ጽሑፍ ማውጣታቸው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በርካታ የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጦች ግን ሌላ አቅጣጫ ተከተሉ። ሲኪን ከሰው ይልቅ ከአውሬ ጋር የሚያመሳስሉ መግለጫዎችና የካርቱን ሥዕሎች ገጾቻቸውን ሞሉት። የአንበሳ ደቦል ይዞ በፓሪስ ጎዳናዎች መዘዋወሩ፣ ደማቅ ልብስ መልበሱና በመጠጥ ቤቶች ማምሸቱ በየዕለቱ ዜና ሆነ። ሲኪ መጠጥ ያዘወትር እንደነበረና ከጠብ የማይርቅባቸው ጊዜያት እንደነበሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ሌሎች ዝነኛ ስፖርተኞች ቢፈጽሙት እንደ ወጣትነት ፈንጠዝያ የሚታይ ድርጊት በእሱ ላይ ሲሆን የዘሩ ባሕርይ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርብ ነበር። የጦር ሜዳ ሽልማቶቹና የቋንቋ ችሎታው ግን እምብዛም አይነሱም።

የሲኪ ችግር በጋዜጦች ዘገባ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ሻምፒዮን ከሆነ ከሁለት ወር በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ በኖቬምበር 1922፣ በአንድ ግጥሚያ ላይ የሌላ ቦክሰኛ ረዳት ሆኖ በተገኘበት ወቅት ከተቃራኒው ወገን ሥራ አስኪያጅ ጋር በመጋጨቱ የፈረንሳይ ቦክስ ፌዴሬሽን ከውድድር አገደው። የፈረንሳይ ሻምፒዮንነቱንም ገፈፈው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን ነው የሚሉ ወገኖች ድምፃቸውን አሰሙ። ከእነዚህም ግንባር ቀደሙ በ1914 ለፈረንሳይ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የነበሩት የሴኔጋሉ ተወካይ ብሌዝ ዲያኝ ናቸው።

ዲያኝ ጉዳዩን ምክር ቤቱ ፊት አቀረቡ። በዚሁ ጊዜ ሌላ ከባድ ክስም ይፋ ሆነ። ይኸውም ሲኪ በካርፐንቲየር እንዲሸነፍ አስቀድሞ ስምምነት ተደርጎ እንደነበርና እሱ ግን በግጥሚያው መካከል ሐሳቡን ለውጦ ከልቡ መዋጋቱን የሚገልጽ ነበር። ክሱ የፈረንሳይን የስፖርት ዓለም በእጅጉ አናግቷል፤ እስከ ዛሬም ሲያከራክር ይኖራል። ሲኪ ራሱ ስምምነቱ ነበር በማለቱ የመሰከረው በገዛ ጥቅሙ ላይ ጭምር መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

በእንግሊዝም በር ተዘጋበት። ሲኪ ከእንግሊዛዊው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጆ ቤኬት ጋር በለንደን ሊያደርግ ታቅዶ የነበረውን ግጥሚያ የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በዚያው በኖቬምበር 1922 ከለከለ። ለእገዳው መነሻ የሆነው ጥቁርና ነጭ ቦክሰኞች ቢጋጠሙ በቅኝ ግዛቶች ውስጥ ስሜት ሊቀሰቅስ ይችላል የሚል ሥጋት ነው። ይህ አሠራር እንግዳ አልነበረም። በ1911 ጃክ ጆንሰን ከእንግሊዛዊው ቢሊ ዌልስ ጋር በለንደን ሊያደርገው የነበረው ግጥሚያም በተመሳሳይ ሁኔታ እንዳይካሄድ ተደርጓል።

በፈረንሳይ የታገደውና በእንግሊዝ የተከለከለው ሻምፒዮን የቀረው አማራጭ አየርላንድ ነበር። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረችበት ወቅት፣ ማርች 17 ቀን 1923፣ አይሪሾች ብሔራዊ በዓላቸውን በሚያከብሩበት በቅዱስ ፓትሪክ ዕለት፣ ሲኪ በደብሊን ከተማ ከአየርላንዳዊው ማይክ ማክቲግ ጋር ተገናኘ። ለጎብኚ ቦክሰኛ ከዚህ የባሰ ቀንና ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከአዳራሹ ብዙም ሳይርቅ ፈንጂ በፈነዳበት በዚያ ምሽት ሁለቱ ቦክሰኞች 20 ዙር ሙሉ ተፋልመው ማክቲግ በነጥብ አሸነፈ። ሲኪ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በእጁ ያቆየው ለስድስት ወር ያህል ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሲኪ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኒውዮርክ በኖቬምበር 1923 ከጠንካራው ጥቁር አሜሪካዊ ኪድ ኖርፎክ ጋር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ የአሜሪካ ከተሞች በርካታ ግጥሚያዎችን ቢያደርግም የቀድሞ ብቃቱ እየቀነሰ፣ የመጠጥ ሱሱ እየባሰበት ሄደ። በማርች 1925 በፖል በርለንባክ በ10ኛው ዙር ተሸነፈ። ዲሴምበር 15 ቀን 1925 ንጋት ላይ በኒውዮርክ ማንሃተን ከመኖሪያ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ከጀርባው በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው ገና 28 ዓመት ነበር። በግድያው ተጠርጥሮ የተያዘ ወጣት ቢኖርም ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ ሰው አልነበረም። አስከሬኑም በዚያው በኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ በሚገኝ የመቃብር ሥፍራ አረፈ።

ከሲኪ በኋላ ሌላ ጥቁር አፍሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን ከ30 ዓመታት በላይ ፈጅቷል። ናይጄሪያዊው ሆጋን ባሴ በ1957 የላባ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሌላው ናይጄሪያዊ ዲክ ታይገር ደግሞ ቀደም ሲል ሲኪ የያዘውን የቀላል ከባድ ሚዛን ክብር በ1966 ተቀዳጅቷል። የእነዚህ ሁለት ቦክሰኞች ስም በአህጉሪቱ በክብር ሲነሳ፣ መንገዱን የጠረገው ሰው ስም ግን ለረጅም ጊዜ ከአንበሳውና ከመጠጥ ቤት ታሪኮቹ ጋር ብቻ ተያይዞ ቆይቷል።

የሲኪን ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሲኪ የተዛባ ውሳኔ ተሽሮለት ፍትሕ ያገኘው በአንድ አጋጣሚ፣ ያውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዓይን ሥር በተሰጠ ዳኝነት ነው። በቢሮ ውስጥ ተመክሮባቸው የተላለፉት የእገዳና የክልከላ ውሳኔዎች ግን በሰውየው ችሎታ ላይ ሳይሆን፣ ስለ እሱ አስቀድሞ በተሣለው ሥዕል ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ውሳኔዎቹም በሥራው ላይ የነበረውን የተሻለ ዕድሜ አሳጥረውበታል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዘመኑ የነበሩ ሰነዶችን ያገላበጡ ጸሐፊዎች የሲኪን ትክክለኛ ማንነት ለማሳየት ጥረት አድርገዋል። አሜሪካዊው ፒተር ቤንሰን በ2006 ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። የትውልድ አገሩም አልዘነጋችውም። ሲኪ በኒውዮርክ ከተገደለ ከ67 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በ1993፣ አፅሙ ከአሜሪካ ወደ ሴኔጋል ተመልሶ በትውልድ ምድሩ እንዲያርፍ ተደርጓል።